የእኩል ምልክት ደቻቱ አይደለም፦ አልጀብራንና ጂኦሜትሪን ከሥሩ ለመያዝ

ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ እንግዳ አይመጣም፤ ሙቀቱ ሁሉንም በየቤቱ ያስቀምጠዋል። እንዲያም ሆኖ የጎረቤቴ ልጅ በዘጠኝ ሰዓት ደብተሯን ይዛ መጣች። ፈተና ደርሶባታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፦

3ሀ + 20 = 95

«20 ወዲያ ይሻገራል፤ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» አለችና 75 ጻፈች። ለ3 አካፍላ ሀ = 25 አለች። ልክ ናት። ሁለተኛው ጥያቄ −3ሀ = 12 ነበር። «3 ይሻገራል፤ ምልክቱ ይቀየራል» አለችና ሀ = 4 ብላ ጻፈች። ይህኛው ስህተት ነው፤ መልሱ −4 ነው። በሁለቱም ላይ የሠራችበት ደንብ ግን አንድ ነው።

«ለምንድን ነው ምልክቱ የሚቀየረው?» አልኳት።

«ስለተሻገረ ነዋ፣ ጋሼ! አንተ ደግሞ!»

(አንቱታ እኛ ሰፈር እምብዛም አይታወቅም። ድሬ ናት።)

«የእኩል ምልክት ደቻቱ ነው እንዴ የሚሻገሩት?»

ሳቀች። ደቻቱን፣ ማለትም የድሬዳዋን ሁለት ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለየውን አሸዋማ ወንዝ፣ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል፤ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚቻል ደረቅ ስለሆነ ሰው በእግሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። ቁጥር ግን እንዲህ አይመላለስም። በእኩል ምልክት ላይ የሚሻገር ነገር የለም። የምታደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በግራ ያደረጋችሁትን በቀኝም ማድረግ። ይህ ነገር በእጅ ከገባ ከ9ኛ እና ከ10ኛ ክፍል አልጀብራ አብዛኛው በእጅ ገባ ማለት ነው፤ ከጂኦሜትሪውም ብዙ።

ከዚህ በታች ያለው ለእሷ በተከታታይ ያስተማርኳት ነው፤ በቅደም ተከተሉ ሂዱ። ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ መቀስ፣ ሲባጎና ሁለት ሦስት ወረቀት አዘጋጁ። ካልኩሌተሩ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ፤ ሲያስፈልግ እነግራችኋለሁ። በትምህርት ቤት ኤክስ እያላችሁ የምትጽፉትን የማይታወቅ ቁጥር እኔ እዚህ «ሀ» እለዋለሁ፤ ሁለተኛ ካስፈለገም «ለ»።

1. በመጀመሪያ ቃላቱን አጥሩ

ትምህርቱ በአማርኛ ተጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ብዙ ተማሪ የሚወድቀው በሒሳቡ አይደለም፤ በቃሉ ነው። በተለይ ሁለት ቃላት ብዙ ልጅ አሳስተዋል።

አንደኛው «ስፋት» ነው። በቤት ውስጥ «የክፍሉ ስፋት 3 ሜትር ነው» እንላለን፤ ወርዱን ማለታችን ነው። በሒሳብ መጽሐፍ ግን ስፋት ማለት ኤሪያ ነው፤ ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘው። ስለዚህ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ ጻፉ፦ ዊድዝ ወርድ ነው፣ ኤሪያ ስፋት ነው፣ ፔሪሜትር ዙሪያ ነው። ከዚያ በኋላ «ስፋት» የሚለውን ቃል ለወርድ አትጠቀሙ፤ ቤት ውስጥም ቢሆን።

ሁለተኛው «ካሬ» ነው። «200 ካሬ ቦታ አለው» ሲባል 200 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ በ10 በ20 የሆነ መሬት ሊሆን ይችላል፤ ቅርጹ ካሬ መሆን የለበትም። አንድ ተማሪ «200 ካሬ» የሚለውን 200 በ200 አድርጎ ሥሎ 40,000 ካሬ ሜትር ሲያወጣ አይቻለሁ። አራት ሄክታር መሬት ለአንድ ቤት! ካሬ የቅርጽ ስምም ነው፣ የመለኪያ ስምም ነው። የትኛው እንደሆነ ከዓረፍተ ነገሩ ለዩ።

2. ሚዛኑ

ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ ፓፓያ የምትሸጥ ሴት ፊት ቁሙ። ባለ ሁለት ሰሐን ሚዛን አላት እንበል። በግራው ሰሐን እኩል የሚመዝኑ ሦስት ፓፓያዎችና አንድ የግማሽ ኪሎ ድንጋይ አሉ። በቀኙ ሰሐን 5 ኪሎ አለ። ሚዛኑ ልክ ሆኗል።

3ሀ + ½ = 5

የአንዱ ፓፓያ ክብደት ስንት ነው? የግማሽ ኪሎውን ድንጋይ ከግራ አንሱት። ሚዛኑ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ልክ እንዲሆን ከቀኝም ግማሽ ኪሎ አንሱ። ድንጋዩ ከግራ ወደ ቀኝ አልዘለለም፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ተነሣ።

3ሀ = 4½

አሁን በግራ ሦስት እኩል ነገሮች አሉ። ሁለቱንም ሰሐኖች ለሦስት ክፈሉ፤ ሀ = 1½ ኪሎ። ማረጋገጫ፦ 3 × 1½ + ½ = 4½ + ½ = 5። ልክ ነው።

ይህን ማረጋገጫ አትዝለሉት። ፈተና ላይ ሃያ ሰከንድ ይወስዳል፤ ነጥብ ያድናል። ማረጋገጫውንም ሁልጊዜ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሥሩ፤ በመሐል በጻፋችሁት መስመር ላይ ከሠራችሁት የተሳሳተውን መስመር ራሱን ታጸድቁታላችሁ።

የጎረቤቴን ልጅ ያሳሳታት −3ሀ = 12 በዚህ መንገድ ምንም አይቸግርም። ሀን ብቻውን ለማስቀረት ሁለቱንም ወገን ለስንት እናካፍል? ለ−3። 12 ÷ (−3) = −4። ምልክት «አልተቀየረም»፤ በኔጌቲቭ ተካፈለ እንጂ።

የተቀነሰ ሲኖርስ? 5ሀ − 20 = 30 እንውሰድ። እዚህ ላይ የቃሉ ታሪክ ራሱ ይረዳናል። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ይሠራ የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ለመጽሐፉ በሰጠው ርዕስ ውስጥ ካለው «አል-ጀብር» ነው። ሐረር ውስጥ ዓረብኛ የተማረ ልጅ ቃሉን ያውቀዋል፤ የተሰበረን መጠገን ማለት ነው፤ አጥንትም ጭምር። በእኛ አነጋገር የወጌሻ ሥራ። 5ሀ ሙሉ ነበር፤ 20 ተነሥቶበት ተሰበረ። ወጌሻው 20ውን መልሶ ይተካለታል፤ ሚዛኑ እንዳያዘነብል ደግሞ በዚያኛውም ወገን 20 ይጨምራል። 5ሀ = 50፤ ሀ = 10።

3. ቅንፍ፣ የፈተናው ወጥመድ

5ሀ − 2(ሀ − 5) = 31

በዚህ ጥያቄ ላይ ከአሥር ተማሪ ስንቱ እንደሚሳሳት አልቆጠርኩም፤ የሚሳሳቱት ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። 5ሀ − 2ሀ − 10 = 31 ብለው ይጽፋሉ። ትክክሉ 5ሀ − 2ሀ + 10 = 31 ነው።

ለምን መደመር ሆነ? ሁለት ጆንያ እህል ከመጋዘን አውጡ ተባላችሁ እንበል። እያንዳንዱ ጆንያ ሙሉ አይደለም፤ 5 ኪሎ ይጎድለዋል። እናንተ ግን ሁለት ሙሉ ጆንያ አወጣችሁ። ከታዘዛችሁት በላይ ስንት አወጣችሁ? 10 ኪሎ። ስለዚህ 10 ኪሎ ወደ መጋዘኑ መመለስ አለባችሁ። ሁለት ሙሉ ጆንያ ተቀነሰ፣ 10 ተመለሰ፦ − 2ሀ + 10። ያው ነው።

ቀሪው ቀላል ነው። 3ሀ + 10 = 31፤ ከሁለቱም 10 ሲነሣ 3ሀ = 21፤ ሀ = 7። ማረጋገጫ፦ 5 × 7 − 2 × (7 − 5) = 35 − 4 = 31።

4. ሁለት የማይታወቁ

እንግዳ ሐረር መጥቶ ሐላዋ ሳይገዛ አይመለስም። አንዱ 2 ኪሎ ሐላዋና 3 ኪሎ ተምር በ1,900 ብር ገዛ። ጓደኛው ከዚያው ሱቅ 4 ኪሎ ሐላዋና 1 ኪሎ ተምር በ2,300 ብር ገዛ። (ዋጋው ለስሌት እንዲመች የተመረጠ ነው፤ ባለሱቁ ላይ እንዳትከራከሩበት።)

2ሀ + 3ለ = 1,900
4ሀ + ለ = 2,300

አሠራሩ የአንዱን ዕቃ መጠን በሁለቱም ደረሰኝ ላይ ማስተካከል ነው። የመጀመሪያው ሰው ግዢውን እጥፍ ቢያደርግስ? 4ሀ + 6ለ = 3,800 ይሆናል። አሁን ሁለቱም 4 ኪሎ ሐላዋ ይዘዋል። ልዩነታቸው 5 ኪሎ ተምርና 1,500 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ለ = 300። ይህን ወደ ሁለተኛው ስትመልሱ 4ሀ + 300 = 2,300፤ ሀ = 500። በመጀመሪያው ላይ አረጋግጡ፤ 1,000 + 900 = 1,900።

ሲቀነስ ሙሉው መስመር መቀነሱን አትርሱ። ሐላዋውን ቀንሶ ብሩን መቀነስ የሚረሳ ብዙ ነው።

5. የጎደለውን ጥግ መሙላት

እኔ ከዚህ ሁሉ በጣም የምወደው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ። መቀሱን አምጡ።

አል-ኸዋሪዝሚ ከሠራቸው ጥያቄዎች መካከል እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ይህ ነው፦

ሀ² + 10ሀ = 39

ሀ² ሲባል ጎኑ ሀ የሆነ ካሬ ነው። በቃል አይደለም፤ በወረቀት ቁረጡት። ርዝመቱን ገና ስለማናውቅ የፈለጋችሁትን ያህል ይሁን። 10ሀ ደግሞ አንድ ጎኑ ሀ፣ ሌላው ጎኑ 10 የሆነ ሬክታንግል ነው። እሱንም ቁረጡ፤ ሀ የሚለው ጎኑ ከካሬው ጎን ጋር እኩል ይሁን። የሁለቱ ስፋት ተደምሮ 39 ነው።

አሁን ሬክታንግሉን በመሐሉ ለሁለት ቁረጡት። ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ሀ በ5። አንዱን ከካሬው በስተቀኝ፣ ሌላውን ከካሬው በታች አስጠጉ። ምን ታያላችሁ? ትልቅ ካሬ ሊሆን የተቃረበ፣ ከታች በቀኝ በኩል አንድ ጥግ የጎደለው ቅርጽ። የጎደለው ጥግ ስንት በስንት ነው? 5 በ5። ስፋቱ 25።

ወጌሻው መጣ። ጥጉን ሙሉት። በግራ 25 ስትጨምሩ በቀኝም 25 ትጨምራላችሁ፤ 39 + 25 = 64። በግራ ያለው አሁን ጎኑ ሀ + 5 የሆነ ሙሉ ካሬ ነው።

(ሀ + 5)² = 64

ስፋቱ 64 የሆነ ካሬ ጎኑ 8 ነው። ሀ + 5 = 8፤ ሀ = 3። ማረጋገጫ፦ 9 + 30 = 39።

አል-ኸዋሪዝሚ እዚህ ላይ አቆመ፤ ለእሱ የካሬ ጎን ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም። የዛሬ ፈተና ግን ሁለተኛውን መልስም ይጠይቃል። በራሱ ተባዝቶ 64 የሚሰጥ −8ም ስላለ፣ ሀ + 5 = −8፤ ሀ = −13። ይህም ልክ ነው፤ 169 − 130 = 39። ጥያቄው ስለ ርዝመት ሲሆን −13ን ትጥላላችሁ፤ ስለ ቁጥር ብቻ ሲሆን ሁለቱንም ትጽፋላችሁ።

ወረቀቶቹን አትጣሉ። ሌላም ነገር ያስተምሯችኋል። ብዙ ተማሪ (ሀ + 5)² = ሀ² + 25 ብሎ ይጽፋል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ተመልከቱ፤ ትልቁን ካሬና ትንሹን ጥግ ብቻ ብታስቀሩ ሁለቱ ቁራጮች የት ሄዱ? ሀ² + 10ሀ + 25 ነው። ይህን በዓይኗ ካየች በኋላ የጎረቤቴ ልጅ 10ሀን ጥላ አታውቅም።

አሁን ራሳችሁን ሞክሩ። የአንድ ግቢ ርዝመት ከወርዱ በ4 ሜትር ይበልጣል። ስፋቱ 60 ካሬ ሜትር ነው። ወርዱ ስንት ነው? ወርዱ ሀ ከሆነ ርዝመቱ ሀ + 4፤ ሀ² + 4ሀ = 60። የ4 ግማሽ 2፣ ጥጉ 2 በ2፣ ስፋቱ 4። (ሀ + 2)² = 64፤ ሀ = 6። ግቢው 6 በ10 ነው።

ለማንኛውም ጥያቄ የሚሠራው ቀመር የዚሁ ሥራ ማጠቃለያ ነው። ለሀ² + መሀ + ሠ = 0 ሲሆን (እዚህ ላይ ለ፣ መ እና ሠ የታወቁ ቁጥሮች ናቸው፤ የማይታወቀው ሀ ብቻ ነው)፣

ሀ = (−መ ± √(መ² − 4ለሠ)) ÷ 2ለ

ሸምድዱት፤ ፈተና ላይ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ወረቀቱን ሳይቆርጡ ቀመሩን መሸምደድ ምልክት ለመሳሳት ጥሩ መንገድ ነው።

6. ቀጤ ማዕዘን፦ ከግንበኛው የምንማረው

መሠረት የሚያወጣ ግንበኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ችካል ይተክላል፣ ሲባጎ ይወጥራል። ጥጉ ስኳድራ መሆኑን ለማወቅ በአንዱ ሲባጎ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል። ከምልክት ወደ ምልክት ሜትሩን ሲዘረጋ ልክ 100 ከሆነ ጥጉ ቀጤ ነው። ከ100 ከበለጠ ጥጉ ተከፍቷል፤ ካነሰ ጠቧል። ችካሉን ትንሽ ያንቀሳቅስና እንደገና ይለካል። ብዙ ግንበኛ የፓይታጎረስን ስም ሳይሰማ በፓይታጎረስ ቤት ይሠራል።

60² + 80² = 3,600 + 6,400 = 10,000 = 100²

ክፍሉ ትልቅ ሲሆን 3 ሜትር፣ 4 ሜትርና 5 ሜትር ይወስዳል። ምክንያት አለው፤ በትልቅ ጎነ ሦስት ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር መሳሳት ጥጉን ብዙም አያጣምመውም፤ በትንሽ ላይ ያጣምመዋል። እናንተም በደብተር ላይ ስትሥሉ ትልቅ አድርጋችሁ ሣሉ።

ለምን እንደሚሠራ ማየት ከፈለጋችሁ አራት እኩል ባለ ቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስቶች ቁረጡ። አጫጭር ጎኖቻቸው ሀ እና ለ፣ ከቀጤው ማዕዘን ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን (ሐይፖቴነስ) መ ይሁን። ጎኑ ሀ + ለ በሆነ ካሬ አራት ጥጎች ላይ አንድ አንድ አስቀምጡ፤ በእያንዳንዱ የካሬው ጎን ላይ የአንዱ ሀ እና የሌላው ለ ይገናኙ። መሐል ላይ ጎኑ መ የሆነ ያዘነበለ ካሬ ባዶ ይቀራል። የትልቁ ካሬ ስፋት ሀ² + 2ሀለ + ለ² መሆኑን ከክፍል 5 ታውቃላችሁ። ይኸው ስፋት ደግሞ የአራቱ ጎነ ሦስቶች (2ሀለ) እና የመሐሉ ካሬ (መ²) ድምር ነው።

ሀ² + 2ሀለ + ለ² = 2ሀለ + መ²

ሚዛኑን አትርሱ፤ ከሁለቱም ሰሐን 2ሀለ አንሱ። የቀረው የፓይታጎረስ ሕግ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለጨዋታ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ገደማ። መንገዱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። 700 ሜትሩ ከፍታ በ50 ኪሎ ሜትር ላይ እኩል የተደለደለ አንድ ቀጥ ያለ ዳገት ቢሆን፣ ዳገቱ ከሜዳ መንገድ ጋር ሲነጻጸር ጉዞውን በስንት ያረዝመዋል? ልጆች 700 ሜትር ይላሉ፤ ጠንቃቃው 300 ይላል። ሥሩት፤ 50,000² − 700² ስኩዌር ሩቱ 49,995 ነው። አምስት ሜትር! በዚሁ መንገድ ደንገጎ የሚባለው ዳገት ላይ ሚኒባሱ የሚያቃስተው ስለዚህ መንገዱ በከፍታው ምክንያት ስለረዘመ አይደለም፤ ዳገቱ አንድ ቦታ ላይ ስለተከማቸና ስለሚጠማዘዝ ነው።

7. የጀጎልን ከፍታ በጥላ መለካት

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው የሐረር ከተማ የጀጎል ግንብ 4 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው ይባላል። መሰላል ሳትይዙ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። መሣሪያው አንድ ሜትር ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላና ሜትር ብቻ ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ ሂዱ። እኩለ ቀን ላይ አትሂዱ፤ በእኛ አገር በብዙ ወራት ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትወጣ ጥላው ከእግራችሁ ሥር ይሰበሰባል። መሬቱ ደልዳላ የሆነበትንና ጥላው ወደ እናንተ የሚወድቅበትን የግንቡን ወገን ምረጡ። ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ጥላውን ለኩ። 75 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ወዲያውኑ፣ ፀሐይዋ ሳትንቀሳቀስ፣ የግንቡን ጥላ ለኩ። 3 ሜትር ሆነ እንበል። ዱላውና ጥላው፣ ግንቡና ጥላው ተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች ናቸው፤ የፀሐይዋ ጨረር በሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት ማዕዘን ስለሚወርድ።

ሀ ÷ 3 = 1 ÷ 0.75

ሁለቱንም ወገን በ3 አባዙ፤ ሀ = 4 ሜትር።

አሁን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሞከርኩት ዕለት የግንቡን ጥላ ካለቀበት ቦታ በአጭሩ፣ ማለትም ወደ ግንቡ በቀጥታ ለካሁና ሦስት ሜትር እንኳ የማይሞላ ግንብ አገኘሁ። ሁለቴ ደገምኩት፤ ያው። የተሳሳተው ግንቡ አልነበረም። የዱላው ጥላ በሰያፍ ነበር የወደቀው፤ እኔ ግን የግንቡን ጥላ በሰያፍ ሳይሆን በአጭሩ ለካሁ። የግንብ ጥላ ረጅም ጥቁር ሰቅ ስለሆነ አቅጣጫው ዓይን ያታልላል። መድኃኒቱ ይህ ነው፦ ዱላውን ወደ ግንቡ ጥላ ጠርዝ አቅርባችሁ አቁሙት፤ የዱላው ጥላ የተኛበትን መስመር በሲባጎ አስቀጥሉ፤ በዚያ አቅጣጫ ከጥላው ጠርዝ እስከ ግንቡ እግር ድረስ ለኩ። ሐውልት ወይም ምሰሶ ስትለኩ ይህ ችግር የለም፤ ጥላቸው ራሱ መስመር ነውና።

መባዛትና መካፈል ለማይወድ አቋራጭም አለ። የዱላው ጥላ ልክ ከዱላው ጋር እኩል እስኪሆን ጠብቁ። በዚያች ደቂቃ የሁሉም ነገር ጥላ ከቁመቱ ጋር እኩል ነው።

8. ዙሪያና ስፋት

ክብን በአጭሩ ልለፈው። ቤት ውስጥ ያለ ምጣድ፣ ትሪና ሰፌድ ሰብስቡ፤ ዙሪያቸውን በሲባጎ፣ ዲያሜትራቸውን በማስመሪያ ለኩና አካፍሉ። ሁሌም 3.14 አካባቢ ይመጣል፤ ፓይ እሱ ነው። ስፋቱ ፓይ በራዲየስ ካሬ። ስህተቱም አንድ ነው፤ ዲያሜትሩን ራዲየስ አድርጎ መውሰድ፤ ስፋቱ አራት እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

ይልቅ በዚህ እንቆይ። 24 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ ቆርጣችሁ ጫፍና ጫፉን ግጠሙና ሬክታንግል ሥሩበት። 11 በ1 ብታደርጉት ስፋቱ 11 ነው። 8 በ4 ሲሆን 32። 6 በ6 ሲሆን 36። ሲባጎው ያው ነው፤ ስፋቱ ግን ሦስት እጥፍ ይለዋወጣል። ከ36 የሚበልጥ ይገኛል? ወርዱ ሀ ከሆነ ርዝመቱ 12 − ሀ ነው፤ ስፋቱም 12ሀ − ሀ²። ይህን የጎደለውን ጥግ በመሙላት ዘዴ ስትጽፉት፦

12ሀ − ሀ² = 36 − (ሀ − 6)²

ከ36 ላይ የሚቀነሰው ነገር በራሱ የተባዛ ስለሆነ ከዜሮ በታች አይወርድም። ስለዚህ ስፋቱ ከ36 አይበልጥም፤ 36 የሚሆነውም ሀ = 6 ሲሆን፣ ማለትም ካሬ ሲሆን ነው። ብዙ ሬክታንግል መሞከር አላስፈለገም።

ለጎረቤቴ ልጅ በመጨረሻው ቀን የሰጠኋት ጥያቄ ከዚሁ የወጣ ነው። የጀጎል ግንብ ዙሪያ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡ ያለው ከተማ 48 ሄክታር ገደማ፣ ማለትም 480,000 ካሬ ሜትር። ግንቡ በዚያ ዙሪያ ክብ ቢሆን ኖሮ 97 ሄክታር፣ ካሬ ቢሆን 77 ሄክታር ገደማ ያቅፍ ነበር። እውነተኛው ቅርጽ ወጣ ገባ ያለ ነው፤ ለክብ የተሠራ ቀመር ለእሱ አይሠራም። ጥያቄው፦ ጀጎል ሬክታንግል ቢሆን ኖሮ፣ በዚሁ ዙሪያና በዚሁ ስፋት፣ ወርዱና ርዝመቱ ስንት ይሆን ነበር?

የዙሪያው ግማሽ 1,750 ሜትር ነው። ወርዱ ሀ፣ ርዝመቱ 1,750 − ሀ። ከላይ እንዳደረግነው፣ የ1,750 ግማሽ 875 ነው፤ 875² ደግሞ 765,625።

765,625 − (ሀ − 875)² = 480,000
(ሀ − 875)² = 285,625

ካልኩሌተሩ ከመሳቢያው የወጣው እዚህ ላይ ነው። ስኩዌር ሩቱ 534.4 ገደማ ነው፤ በመደመርም በመቀነስም። በመደመር 1,409፣ በመቀነስ 341 ገደማ። እሷ ኔጌቲቭ መልስ ለመጣል እየተዘጋጀች ነበርና ሁለቱም ፖዘቲቭ ሆነው ሲወጡ ግራ ገባት። ትንሽ ቆየችና ደመረቻቸው፤ 1,750።

«ጋሼ፣ አንዱ ወርዱ ነው፣ ሌላው ርዝመቱ ነው» አለች።